«ጋሼ፣ በቀን ሁለት ሲጋራ ብቻ ምን ያደርጋል?»

የእህቴ ልጅ ባለፈው እሁድ ቡና ላይ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። ራጅ ክፍል 31 ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ መልሱ አልጠፋኝም። ግን የድሮ ጎረቤታችን ልጅ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማታ ከሥራ ስገባ ሳንቲም ሰጥቼ «ሁለት ፍሬ ሲጋራ፣ አንዱን ለኩሰህ» እለዋለሁ። ክብሪት ለመቆጠብ መሆኑ ነው። ሱቁ ውስጥ ኩራዝ ይበራል። በሱ ይለኩስና እንዳይጠፋበት መንገድ ላይ ሳብ ሳብ እያደረገ ይመጣል። አንድ ቀን ጭሱን በአፍንጫው እያወጣ በሩ ላይ ቆመ። ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አሥር ሳንቲምም ጨመርኩለት።

ቀን ቀን የሰው ሳንባ መብራት ላይ ሰቅዬ የማይ ሰው እኮ ነኝ! የራሴንም ተነስቻለሁ። ጥቁር ነው፤ ጤነኛ ሳንባ ፊልም ላይ ጥቁር ነው፣ ታካሚዎች ሲያዩት ይደነግጡ ነበር። ራጅ ብዙውን ጉዳት ዘግይቶ እንደሚያሳይ እያወቅኩ በዚያች ፊልም ተጽናናሁ።

ለእህቴ ልጅ መልሱ ይኸው። በቀን 1 የሚያጨስ ሰው ሲጋራ የሚጨምርበት የልብ ሕመም አደጋ 20 ከሚያጨሰው 20ኛ እጅ ይመስለናል። ጥናት የሚለው ግን ግማሽ ያህል ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ከ100 አዋቂ 5 ነበር። ጥቂት ነው። የዛሬ ልጆች ግን ጭሱ እንጆሪ እንጆሪ ከሸተተ ትምባሆ አይመስላችሁም። ወቀሳ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ወቀሳ ነው። አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም፣ በፍሬ መሸጥንም ከልክሏል። በኔ ጊዜ ቢኖር ልጁን አልክ ነበር? እንጃ፣ የምልከው ይመስለኛል።

እኔ ካቆምኩ 19 ዓመቴ ነው። ረስቼዋለሁ። ቡና ሲፈላ ግን እጄ አሁንም ኪሴን ይዳብሳል።

አምና ለለቅሶ ድሮ ሰፈር ሄድኩ። ከድንኳኑ ጀርባ አንድ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ቆሞ ያጨሳል። ሲያየኝ ሲጋራውን ከኋላው ደበቀና ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?» ሊል ነበር፤ ሳሉ አላስጨርስ አለው። ጭሱ በትከሻው በኩል ይወጣል። እንዳላየ ሆኜ ወደ ድንኳኑ ገባሁ።