ባይአውቱን ልቀበል ወይስ ልጠብቅ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጃንዋሪ 28 ቀን 2025 ለአሜሪካ ፌዴራል ሠራተኞች በኢሜይል የተላከውን የመልቀቂያ ጥሪ 75 ሺህ ያህል ሰው ተቀብሏል። ከዚያ በኋላም መሥሪያ ቤቶች የየራሳቸውን ጥሪ ሲያወጡ ቆይተዋል። ባይአውት የሚባለው በፈቃዱ ለሚለቅ ሠራተኛ የሚሰጥ የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው። ከዲሲ አካባቢ ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱን መርጠናል።

*52 ዓመቴ ነው፤ 22 ዓመት አገልግያለሁ። ደመወዜ ከፍተኛ የነበረባቸው ሦስት ተከታታይ ዓመታት አማካይ 84,000 ዶላር ነው። የቅድሚያ ጡረታና 25,000 ዶላር ባይአውት ቀርቦልኛል። ባለቤቴ ታክሲ ስለሚነዳ የቤቱ ኢንሹራንስ የእኔ ነው። ልውጣ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)*

25,000ውን ለጊዜው ይተዉትና ጡረታውን ያስሉ። የቅድሚያ ጡረታ ለማግኘት ዕድሜ ቢያንስ 50 ሆኖ 20 ዓመት አገልግሎት፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ 25 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። እርስዎ ያሟላሉ። በፌርስ (የፌዴራል ሠራተኞች የጡረታ) ሥርዓት ስሌቱ 84,000 በ1 በመቶ፣ ከዚያ በ22 ነው፤ በዓመት 18,480፣ በወር 1,540 ዶላር ይመጣል። በዕድሜዎ ምክንያት አይቀነስበትም። ክፉው ነገር የኑሮ ውድነት ጭማሪ 62 ዓመት እስኪሞላዎ ድረስ አለመኖሩ ነው። የቤት ኪራዩም አስቤዛውም በየዓመቱ ሲጨምር ይቺው 1,540 ለአሥር ዓመት ባለችበት ትቆማለች። ሶሻል ሴኩሪቲን የሚተካው ማሟያም ለእርስዎ የሚጀምረው በ57 ነው። በዚሁ ደመወዝ እንኳ እስከ 62 ቢቆዩ ስሌቱ 1.1 በመቶ ይሆንና በዓመት 29,568 ይደርሳል።

የጡረታ ማመልከቻ ቅጹ ላይ እርስዎ ካለፉ ለባለቤትዎ ምን እንደሚተርፍ ይጠየቃሉ። ሙሉውን የተራፊ ጡረታ ከመረጡ ጡረታዎ በ10 በመቶ ወደ 1,386 ይወርዳል፤ እርስዎ ቢያልፉ ለእሳቸው በወር 770 ይቀጥላል። 154 ዶላር ለማትረፍ ብለው ይህን አይሰርዙ። የተራፊ ጡረታ የሌለው የትዳር ጓደኛ በሟች በኩል ያገኘውን የፌዴራል የጤና ኢንሹራንስም ያጣል። መሰረዝ ደግሞ የባልን ፊርማ በኖተሪ ፊት ይጠይቃል። ኢንሹራንሱን ይዞ ለመውጣት እንደ ደንቡ ከመውጫው ቀን በፊት ያሉትን አምስት ዓመታት በተከታታይ በፌዴራሉ የጤና ኢንሹራንስ መሸፈን ያስፈልጋል፤ ከፌዴራሉ ፕሮግራም ውጭ በሆነ የግል ኢንሹራንስ ያሳለፉት ጊዜ አይቆጠርም።

ባይአውቱን በተመለከተ፣ ከ25,000ው ላይ 22 በመቶ የፌዴራል ግብርና 7.65 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ተቀናሽ ሲነሳ 17,587 ይቀራል፤ የሜሪላንድ ግብር ገና አልተነካም። ዕቁብ በልተው ገና የሚከፍሉ ከሆነ ወይም ለአገር ቤት የሚልኩት ካለ ከዚህኛው ቁጥር ይነሱ። ቲኤስፒውን (የፌዴራል ሠራተኞች የጡረታ ቁጠባ ሂሳብ) ደግሞ ለመሸጋገሪያ አይቁጠሩት። 55 ዓመት ከሚሞላበት ዓመት በፊት ሥራ የለቀቀ ሰው ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ሲያወጣ አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ቅጣት ይከፍላል።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጠብቀው በሰው ኃይል ቅነሳ ቢወጡ፣ ተመጣጣኝ ሌላ ቦታ ቀርቦልዎ እምቢ እስካላሉ ድረስ፣ ያው ጡረታ ይከበርልዎታል። የስንብት ክፍያ ግን አያገኙም፤ ወዲያው የሚከፈል ጡረታ ላለው ሰው አይሰጥም። ስለዚህ ክፍልዎ እንደሚዘጋ ምልክቱ ግልጽ ከሆነ ባይአውቱ ተጨማሪ ገንዘብ ነው፤ ይውሰዱት። የሥራ መደብዎ የማይነካ ከመሰለና ሌላ ገቢ ከሌለ ግን በ1,386 ዶላር ቤት ማስተዳደር ከባድ ስለሆነ ቢቆዩ ይሻላል እንላለን። ከወጡም የመጀመሪያዎቹ ወራት ክፍያ ፋይሉ ተጣርቶ እስኪያልቅ ጊዜያዊና ከሙሉው ያነሰ ስለሚሆን የጥቂት ወራት ወጪ በእጅዎ ይኑር።

*41 ዓመት ተኩል ሆኖኛል፤ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ደመወዜ 72,800 ዶላር ነው። ጓደኞቼ «25 ሺህ ዶላር በነፃ እንዴት ይታለፋል?» ይሉኛል። (ከአሌክሳንድሪያ)*

ለእርስዎ 25,000 የለም። ሕጉ የሚለው 25,000 ወይም የስንብት ክፍያዎ ቢሰላ የሚደርሰው መጠን፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት በየዓመቱ የአንድ ሳምንት፣ ከዚያ በላይ ላለው የሁለት ሳምንት ደመወዝ ሆኖ፣ ከ40 ዓመት በላይ ለሞላ እያንዳንዱ ሦስት ወር 2.5 በመቶ ይጨመርበታል። የእርስዎ ሳምንት 1,400 ዶላር ነው፤ በዘጠኝ 12,600፣ ከ15 በመቶው ጭማሪ ጋር 14,490።

ይህንኑ ገንዘብ ቢቀነሱም ያገኙታል፤ የሚለየው በየደመወዝ ቀኑ እየተከፋፈለ መምጣቱ ነው። ሲቀነሱ እንደ ደንቡ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ፣ በሌሎች የፌዴራል ቦታዎች ላይ የቅድሚያ መብትና ሥራ አጥ ክፍያ የመጠየቅ ዕድል አለዎት። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው እነዚህን አብዛኛውን ጊዜ ያጣል። ባይአውት የወሰደ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ፌዴራል ሥራ ከተመለሰ ደግሞ፣ ግብር የተቆረጠበትን ጨምሮ ሙሉውን መጠን ከመጀመሪያው የሥራ ቀን በፊት ይመልሳል። የተፈረመ አዲስ ሥራ ከሌለዎት አይውሰዱ።

አሥር ዓመት መሙላትም ትርጉም አለው። በዘጠኝ ዓመት ከወጡ ጡረታዎ የሚጀምረው በ62 ነው፤ በአሥር ዓመት ግን፣ ከ62 በታች ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 5 በመቶ እየተቀነሰ፣ በ57 ሊጀምር ይችላል። በምንም መንገድ ቢወጡ ለጡረታ ያዋጡትን ገንዘብ አያውጡት፤ ካወጡት የወደፊት ጡረታው አብሮ ይሄዳል። ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይከፈላል፤ የሕመም ፈቃድ አይከፈልም።

የጤና ሽፋን ከወጡ በኋላ 31 ቀን ያለ ክፍያ ይቀጥላል። ከዚያ እስከ 18 ወር መግዛት ይቻላል፤ ዋጋው የእርስዎ ድርሻና የመንግሥት ድርሻ ተደምሮ 2 በመቶ ተጨምሮበት ነው። ልጆች ካሉ ይህ ሂሳብ ብቻውን 14,490ውን በፍጥነት ይጨርሳል። ባለቤትዎ በሥራዋ በኩል ኢንሹራንስ ካላት፣ ወደ እሷ ለመግባት ያለዎት ጊዜ ብዙውን ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው።

*ከአምስታችን ሦስቱ ባይአውት ወስደው ወጡ። እኔ ከሁለት ዓመት በላይ በጂኤስ-9 የደመወዝ ደረጃ ላይ ነኝ፤ ከወጡት የአንዱ የጂኤስ-11 ሥራ እኔ ላይ ወድቋል። ማታ ማታ ከቤት እጨርሳለሁ። እምቢ ልበል? (ከሃያትስቪል)*

እምቢ አይበሉ። ትዕዛዙ ሕገ ወጥ ወይም ለሕይወት አስጊ ካልሆነ በስተቀር ሥራውን እየሠሩ መቃወም ነው መንገዱ፤ አሻፈረኝ ማለት ራሱ የዲሲፕሊን ጥፋት ይሆንብዎታል። ለአለቃዎ በኢሜይል የተጨመሩትን ሥራዎች አንድ በአንድ ከሚወስዱት ሰዓት ጋር ይጻፉና «ሁሉም በ40 ሰዓት ስለማይደርስ የትኛው ይቅደም? የትኛው ይቆይ?» ብለው ይጠይቁ። የሥራ ምዘና ሲመጣ የሚከላከልልዎ ይህ ጽሑፍ ነው።

የማታው ሥራ መቆም ወይም መከፈል አለበት። ኤስኤፍ 50 በሚባለው የቅጥር ማስረጃ ወረቀትዎ ላይ ሳጥን 35ን ይመልከቱ። ኤን የሚል ከሆነ፣ አለቃዎ እያወቀ የሠሩት ትርፍ ሰዓት ይከፈልዎታል። ኢ የሚል ከሆነ ግን አስቀድሞ በጽሑፍ ካልታዘዘ በቀር አይከፈልም።

ለከፍተኛው ሥራ እስከ 120 ቀን ያለ ውድድር ጊዜያዊ ዕድገት መስጠት ስለሚቻል በመጀመሪያ እሱን ይጠይቁ። የሥራ መደብ ምርመራ (ሥራው ከደረጃው ጋር መመጣጠኑን ማጣራት) ማስጠየቅም መብትዎ ነው። ከፍ ያለው ሥራ ቢያንስ ከጊዜዎ 25 በመቶውን በቋሚነት መያዙን ማሳየት ስላለብዎት የሦስት ወር መዝገብ ይያዙ። ተጠንቀቁ፤ ምርመራው መደቡን ዝቅ ሊያደርገውም ይችላል። የቀድሞ ሥራዎን የሚመለከቱ ክፍሎች አሁንም እየተሠሩ መሆናቸውን ሳያረጋግጡ አይጀምሩት።

የወጣው ባልደረባ ስልክ ቢያነሳ አንድ ነገር መጠየቅ ነውር የለውም። ፋይል ግን በግል ኢሜይል አይላኩለት፤ ለሁለታችሁም መዘዝ አለው። ቦታው ይሞላል ብለውም አይጠብቁ፤ ባይአውት የሚሰጠው መደብ ለመቀነስ ነው።

እስከዚያው የሁሉንም ዓመታት ኤስኤፍ 50ና የምዘና ውጤቶች አትመው ቤት ያስቀምጡ። የአገልግሎት መቁጠሪያ ቀኑ ትክክል መሆኑንም ያረጋግጡ። ቅነሳ ሲመጣ ተራ ከሚወሰንባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው፤ ስህተት ካለው ማስተካከል የሚቀለው የኤችአር ሰዎች ገና በወንበራቸው ላይ እያሉ ነው።