በኤንኤፍኤል ሳልጫወት አሰልጣኝ መሆን እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በአንድ አነስተኛ ኮሌጅ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ውስጥ ላይንባከር (ከመከላከል የፊት መስመር ጀርባ የሚቆም ተከላካይ) ነኝ፤ የመጨረሻ ዓመቴ ነው። ኤንኤፍኤል በሚባለው የፕሮፌሽናሎች ሊግ እንደማልጫወት አውቃለሁ፤ አሰልጣኝ መሆን ግን እፈልጋለሁ። አባቴ «ኤንኤፍኤል ያልደረሰን ሰው ማን አሰልጣኝ ያደርገዋል? አካውንቲንግህን ጨርሰህ ሥራ ያዝ» ይላሉ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አባትህ በአንዱ ነገር ተሳስተዋል። ቢል ቤሊቺክም ሆነ አንዲ ሪድ በኤንኤፍኤል አንድም ጨዋታ አልተጫወቱም፤ በዋና አሰልጣኝነት ግን የመጀመሪያው 6፣ ሁለተኛው 3 ሱፐር ቦውል (የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ) አሸንፈዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ስመ ጥር ተጫዋቾች እንኳ አሰልጣኝነትን ከየት እንደሚጀምሩት ታውቅ ይሆን?

በአንተ ቦታ የተጫወተውን ደሚኮ ራያንስን እንውሰድ። ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በ2006 ሂዩስተን ቴክሳንስን ሲቀላቀል በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ አዲስ ተከላካይ ተባለ። ሁለት ጊዜም የሊጉ ኮከቦች ለሚጠሩበት ፕሮ ቦውል ተመረጠ። የአኪለስ ጅማቱ በ2010 ተበጠሰ፤ ፊላደልፊያ ኢግልስ ከሄደ በኋላም በ2014 ዳግመኛ ተጎዳ። ከ2015 የውድድር ዘመን በኋላ ጫማውን ሰቀለ። በ2017 ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ሲቀጥረው የሰጠው ሥራ ከአሰልጣኞች ሁሉ ዝቅተኛው፣ የጥራት ቁጥጥር ረዳትነት ነበር። መጠሪያው ያምራል፤ ሥራው ግን የተጋጣሚን ቪዲዮ እየቆራረጡ መመዝገብ፣ ለልምምድ የሚሆኑ ንድፎችን መሳልና ሰነድ ማዘጋጀት ነው። ሚሊዮኖች ሲከፈለው የነበረ ሰው ይህን ሳይንቅ ሠራ። በዓመቱ የውስጥ ላይንባከሮች አሰልጣኝ፣ በ2021 የመከላከሉ አስተባባሪ፣ በ2023 መጀመሪያ የቴክሳንስ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። በቀደመው ዓመት 3 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ቡድን በእርሱ ሥር በመጀመሪያው ዓመት 10 አሸንፎ የምድቡ አንደኛ ሆነ።

በእኔ ግምት ራያንስን የጠቀመው ከዝናው ይልቅ የተጫወተበት ቦታ ነው። መሐል ላይ የሚቆም ላይንባከር ትእዛዙን ከአሰልጣኝ ተቀብሎ ለጓደኞቹ ያስተላልፋል፤ የእነርሱንም ሥራ ካላወቀ ማስተካከል አይችልም። እስቲ ራስህን ጠይቅ፦ ከልምምድ በኋላ ግራ የተጋባው ጓደኛህ ማብራሪያ ፍለጋ ወደ አንተ ይመጣል? የሚመጣ ከሆነ ማስተማር ጀምረሃል። ጨዋታው ሲያልቅ የሚናፍቅህ ጩኸቱና ግጭቱ ብቻ ከሆነ ግን አሰልጣኝነት ቶሎ ይሰለችሃል፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ጨለማ ክፍል ውስጥ ቪዲዮ ፊት ነው።

ለአንተ ቅርቡ መንገድ የድኅረ ምረቃ ረዳትነት ነው። ሁለተኛ ዲግሪህን እየተማርክ ቡድኑን ታገለግላለህ፤ ኮሌጁ የትምህርት ክፍያህን በሙሉ ወይም በከፊል ሸፍኖ ጥቂት አበል ይሰጥሃል። ያለ መጀመሪያ ዲግሪ ይህ የማይታሰብ ስለሆነ አካውንቲንጉን ጨርስ፤ እዚህ ላይ አባትህ ትክክል ናቸው። ገቢው አስተማማኝ አለመሆኑንም አትደብቃቸው። ዋና አሰልጣኝ ሲባረር ረዳቶቹም አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይሰናበታሉ፤ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት መዞርም የሥራው አካል ነው። ትዳርና ልጆች ሲመጡ ይህ ይከብዳል።

የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኞች ማኅበር ጉባኤ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ይካሄዳል፤ ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ የሚገናኙበት ስለሆነ አያምልጥህ። ከዚያ በፊት ግን የራስህን አሰልጣኝ አነጋግር። ቪዲዮ መቁረጥ እንዲያለማምድህና የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍልህ ለምነው፤ እምቢ ካለህ ምክንያቱን ሳትሰማ ከቢሮው አትውጣ።