ስብራቱ ድኗል፣ ሕመሙስ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የእጄ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ጀሶው ከወጣ ቆየ፤ በራጅም አጥንቱ ገጥሟል። እጄ ግን ያቃጥለኛል፣ ያብጣል፣ ቀለሙ ይለዋወጣል። የሹራቤ እጅጌ ሲነካው እንኳ እጮሃለሁ። ቤተሰቦቼ «ታካብጃለሽ» ይሉኛል። እውነት እያካበድኩ ነው?

መልስ፦ በፍጹም፣ እህቴ። የጻፍሽው ውስብስብ ክልላዊ የሕመም ሲንድረም ከሚባለው ጋር በጣም ይመሳሰላል። ጉዳቱ ቢድንም ነርቮችና አንጎል የሕመም መልእክቱን አያቆሙም። የደም ሥሮችም ይታወካሉ፤ ቀለሙ የሚለዋወጠው ለዚህ ነው። ብቻውን የሚያረጋግጠው ምርመራ የለም። ሐኪም የቡዳፔስት መስፈርት በሚባለው የመመርመሪያ ዝርዝር ምልክቶችሽን ይመዝናል፤ ኢንፌክሽንና የደም መርጋት አለመሆኑንም ያጣራል። ስለዚህ ቶሎ ታዪ።

እጅሽን አቅፈሽ አትቀመጪ። ያለ እንቅስቃሴ መቆየት ያባብሰዋል። ዋናው ሕክምና ፊዚዮቴራፒ ነው፦ በጥቂቱ ማንቀሳቀስ፣ ቆዳውን መጀመሪያ በሐር፣ ቀጥሎ በጥጥ፣ ኋላ በፎጣ እየነኩ ማለማመድ። የመስታወት ልምምድም አለ (ቀልድ እንዳይመስልሽ!)። የታመመውን እጅ ከመስታወት ጀርባ ትደብቂና ጤነኛውን በመስታወቱ ውስጥ እያየሽ ታንቀሳቅሺያለሽ፤ አንጎል የታመመው ያለ ሕመም የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል። እንደ ጋባፔንቲን ያሉ የነርቭ ሕመም መድኃኒቶች አንዳንዱን ይረዳሉ፤ ግን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ። ብዙዎች በተለይ ቀድመው ከጀመሩ ይሻላቸዋል፤ ወራት ሊፈጅ ግን ይችላል። ይህን ለቤተሰቦችሽም አስነብቢያቸው።