አሮጌ ሰርቨር ላይ ምን ይጫን? የጅማ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከቢሮ የተወገደ ሰርቨር በጨረታ ገዝቶ ሳሎን ጥግ የሚያስቀምጠው ሰው ሳይበዛ አልቀረም፤ የዚህ ዙር ጥያቄዎች ሁሉ በእሱ ዙሪያ ናቸው።

ከጅሬን፦ ዴል ፓወርኤጅ 2950 አግኝቻለሁ። ሁለት ዚዮን 5400 ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋ ራምና ፐርክ 6 ሬይድ ካርድ (ዲስኮችን አጣምሮ የሚያስተዳድር) አለው። የተማርኩት ሴንት ኦኤስ 7 በሚባለው ሊኑክስ ነው። እሱኑ ልጫን ወይስ አልማ ሊኑክስ 9?

ሁለቱም አይሆኑዎትም፤ ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው። የሴንት ኦኤስ 7 ጥገና ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. አብቅቷል። ቢጭኑት ይነሳል፤ ማዘመን ሲጀምሩ ግን ፓኬጆቹን ይፈልግበት የነበረው አድራሻ ስለተዘጋ ስህተት ብቻ ይመልሳል።

አልማ 9 ደግሞ ጭራሽ አይነሳም። ሬድ ሃት 9 እና ከእሱ የሚወለዱት ሊኑክሶች ሁሉ (አልማም አንዱ ነው) ኤስኤስኢ 4.2 የሚባል የትእዛዝ ስብስብ ያለው ፕሮሰሰር ይጠይቃሉ፤ ዚዮን 5400 የሚያውቀው እስከ 4.1 ነው። ስክሪኑ ላይ "ሲፒዩው ኤክስ86-64-ቪ2ን አይደግፍም" የሚል መልእክት ወጥቶ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ቀጥ ይላል። ፍላሹ ተበላሽቷል ብለው ደጋግመው ሲጽፉ እንዳይውሉ። ሬድ ሃት ከዚህም በፊት በ8ኛው ላይ የፐርክ 5ን እና 6ን ድጋፍ ከሾፌሩ (ሲስተሙን ከካርዱ ጋር ከሚያግባባው ፕሮግራም) አውጥቶት ነበር። ዴቢያን የሚባለው ሌላው ሊኑክስ ግን አልነካውም።

ስለዚህ ዴቢያን 13ን ይጫኑ። ኔት ኢንስቶል የሚባለው መጫኛ ፋይል 1 ጊጋ አይሞላም፤ የኡቡንቱ ሰርቨር ከ2.5 ጊጋ በላይ ነው፣ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ልዩነቱ ኪስ ይነካል። ፍላሹን ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ሲጽፉ ዲዲ ሞድን ይምረጡ፤ ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ11ን ተጭነው ከፍላሹ ያስነሱ። የሚጫነውን ሶፍትዌር ሲያስመርጥዎ የዴስክቶፑን ምልክት ያንሱ፣ ኤስኤስኤች ሰርቨር (ከሌላ ኮምፒውተር ሆነው የሚገቡበት) ላይ ግን ምልክት ያድርጉ። ሰው "እኔ ጋ አለ" ብሎ የዴቢያን 11 ፍላሽ ቢሰጥዎ አይቀበሉ፦ የዚህ ማሽን ብሮድኮም ኔትወርክ ካርድ ነጻ ያልሆነ ፈርምዌር (ካርዱ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም) ይፈልጋል፤ ያ ከዋናው ፋይል ጋር አብሮ መምጣት የጀመረው ከ12 ወዲህ ነው።

ዲስክ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር፦ ፐርክ 6 ከ2 ቴራ በላይ ያለውን አያይም። 4 ቴራ ቢሰኩበት ግማሹ ባክኖ ይቀራል።

ከሂርማታ፦ መብራት በሄደ ቁጥር ሰርቨሩም ይሄዳል። ዜድኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም ከዚህ ያድናል ይባላል፣ እውነት ነው? የእኔም ካርድ ፐርክ 6 ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ።

ዜድኤፍኤስ ጥሩ ነው፣ ግን ዲስኩን ያለ አማላጅ ማየት ይፈልጋል። ፐርክ 6 ደግሞ አማላጅነቱን አይተውም፤ ዲስኮቹን በቀጥታ የሚያሳልፍበት መንገድ የለውም። ካርዱን ካልቀየሩ ሁለት ዲስክ በሬይድ 1 (አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ) አጣምረው የተለመደውን የሊኑክስ ፋይል ሲስተም፣ ኤክስት4ን፣ ያድርጉበት፣ ይበቃዎታል።

ዋናው ችግር ያለው ፋይል ሲስተሙ ላይ አይደለም፣ ካርዱ ጋር በገመድ የተያያዘችው፣ መብራት ሲሄድ የካርዱን ራም የምታቆየው ትንሽ ባትሪ ላይ ነው። ከዓመታት በኋላ ትሞታለች። ስትሞት ካርዱ ራይት ባክ የሚባለውን አሠራር (ጽሑፉን በራሱ ራም ይዞ ቆይቶ ዲስክ ላይ ማሳረፍን) ትቶ እያንዳንዱን ጽሑፍ ዲስክ ላይ እስኪያርፍ ይጠብቃል፤ ሰርቨሩም ይንቀራፈፋል። ይህን ያየ ሰው ኮንትሮልና አርን ተጭኖ ካርዱ ውስጥ ይገባና ያለ ባትሪም ራይት ባክ እንዲሠራ ያስገድደዋል። ፍጥነቱ ወዲያው ይመለሳል፣ አደጋውም አብሮ ይመጣል፦ ዳታው ገና ካርዱ ራም ላይ ሳለ ካርዱ ለከርነሉ "ጽፌያለሁ" ይለዋል። በዚያች ሰከንድ መብራት ከሄደ የኤክስት4 ጆርናልም (የለውጥ መዝገቡ) አያድንም፣ ምክንያቱም ጆርናሉም የተዋሸው እኩል ነው። ባትሪዋን ይቀይሩ፣ ካላገኙ ዝግመቱን ይታገሡ።

ዩፒኤስ ሲገዙ የዩኤስቢ ወደብ እንዳለው ይዩ። ባለ 650 ቪኤው 200 ዋት ለሚበላ ሰርቨር የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ግን የሚፈለገው በሥርዓት ለመጥፋት የሚሆን ጊዜ ነው። ኤንዩቲ የተባለውን ፕሮግራም ጭነው በገመዱ ካገናኙት ባትሪው ሲዳከም ሰርቨሩን ራሱ ይዘጋል። ባዮስ ውስጥ ኤሲ ፓወር ሪከቨሪ የሚለውንም ኦፍ ያድርጉት፦ መብራት ተመልሶ እስኪረጋ ጠብቀው በእጅዎ ያብሩት።

ጠፍቶ ከርሞ ሲነሳ ዓመቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ካገኙት እናት ቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። የዴቢያን ፕሮግራም ማዘመኛ የሆነው አፕት "የሪሊዝ ፋይሉ ገና አልጸናም" ብሎ አልዘምንም የሚለው በዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ኢንተርኔቱን ይወቅሳል።

ከፈረንጅ አራዳ፦ 1 ጊጋ ራም ያለው ፔንቲየም 4 ለፋይል ማጋሪያ ይሆናል?

መጀመሪያ ማንኛውንም ባለ 32 ቢት ላይቭ ሊኑክስ (ሳይጫን ከፍላሽ የሚሠራ) አስነስተው ኤልኤስሲፒዩ (lscpu) ብለው ይጻፉ። 64 ቢት የሚል ካለበት (የኋለኞቹ ፔንቲየም 4ዎች አላቸው) ዴቢያን 13 ይሄዳል። 32 ብቻ ከሆነ ዴቢያን 13 መጫኛ ስለሌለው አልፓይን የሚባለውን ቀላል ሊኑክስ ይሞክሩ፤ ራሙም ለሳምባ (ለፋይል ማጋሪያው ፕሮግራም) አያንሰውም። ከአቧራው ያጽዱት እንጂ፤ ቡና መጋዘን አጠገብ የቆየ ማሽን ማቀዝቀዣው በገለፈት ተደፍኖ ነው የሚመጣው።

ከአጋሮ፦ ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ከነአክቲቬተሩ (ያለ ፈቃድ ቁልፍ ከሚከፍተው ፕሮግራም ጋር) በፍላሽ አለኝ። እሱስ?

ተዉት። ጥገናው መስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም. አብቅቷል፤ አክቲቬተሩ ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው።

ከአጂፕ፦ ቀለል ያለ ሲስተም ብጭን የመብራት ሒሳቡ ይቀንሳል?

ከጥቂት ዋት በላይ አይደለም። 200 ዋት ሌትና ቀን ሲሠራ በ30 ቀን 144 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ከሲስተሙ ይልቅ ብዙ ትንንሽ ራም አውጥቶ በጥቂት ትልልቅ መተካት፣ ትርፍ ዲስክ መንቀል ይሻላል። ሥራው ፋይል ማጋራት ብቻ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርዎ፦ 20 ዋት የሚበላ ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ይግዙ።

ከኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ፦ ባክአፑ ጠዋት 3 ሰዓት እንዲነሳ ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው ክሮን ላይ 3 ብዬ አስገባሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይነሳል።

ወንድሜ፣ ክሮን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፤ ጠዋት 3 ለእሱ 9፣ ማታ 3 ደግሞ 21 ነው። ባክአፕ ከሆነ ሌሊት 8 ሰዓት ይሻላል፣ 2 ብለህ አስገባ። የሰዓት ክልሉም አፍሪካ፣ አዲስ አበባ መሆኑን እይ፤ ዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረው) ላይ ከቀረ 2 ያልከው ሌሊት 11 ሰዓት ይሆናል። ክልሉን ከቀየርክ በኋላ ክሮንን አጥፍተህ አስነሳው፣ አለዚያ በድሮው ሰዓት ይቀጥላል።