ወደብ ከመቀየርዎ በፊት ሶኬቱን ይፈትሹ

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከስዊድን ወርጄ፣ ከባለቤቴ ጋር 11 ሜትር ርዝመት ባላት የፋይበርግላስ ባለሸራ ጀልባ ላይ እንኖራለን። ሞቃቱን ወራት መልሕቅ ጥለን አሳለፍን፤ ከጥቅምት ወዲህ በደቡብ ኢጣሊያ አንድ ወደብ ታስረናል። የፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ የታሰረው፣ ፕሮፔለሩ እንዳይበላ በእሱ ፈንታ የሚበላው ግማሽ ኪሎ ዚንክ መልሕቅ ላይ ሳለን ደህና ነበር፤ እዚህ ግን በስድስት ሳምንት ሩብ ኪሎ ቀረው። ንፋስ በሌለበት ሌሊት እንኳ ጀልባዋ ትናጣለች፤ አንድ ገመድ ተበጥሷል። ውስጡም ያልበዋል። ጎረቤታችን «ቢጫና አረንጓዴውን ሽቦ ቁረጠው፣ ዚንኩ ይተርፋል» አለኝ። ዓመቱን ሙሉ የምንኖርበት ወደብ እየፈለግን ነው፤ የሲሲሊዋ ሊካታ፣ ማልታ ወይስ የስፔኗ ካርታኼና ይሻለናል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ሽቦ አይቁረጡ፤ ኧርዙ፣ ማለትም የመሬት መስመሩ እሱ ነው። ጎረቤትዎ እንዳለው ዚንኩ በእርግጥ ይተርፋል፤ የሚሞተው ሰው ነው። የማሞቂያዎ ሽቦ ተልጦ ብረት ቢነካ ብሬከሩን የሚያወርደው ያ ሽቦ ነው። እሱ ከሌለ የማድ ቤቱ ገንዳና ምድጃው 230 ቮልት ተሸክመው የሚነካቸውን ይጠብቃሉ።

ሁለቱ ችግሮችዎ አይገናኙም። መናጡ የወደቡ ጥፋት ነው፤ ለቀው ሲሄዱ እዚያው ይቀራል። የዚንኩ ጉዳይ ግን ካርታኼናም ቢሄዱ አብሮዎት ይሄዳል። ይህን ያልኩት መልሕቅ ጥለው በቆዩባቸው ወራት ዚንኩ ደህና ስለነበረ ነው። ባሕሩ ያው ነው፣ ፕሮፔለሩም ያው ነው፤ የተጨመረው የወደቡ መብራት ገመድ ብቻ ነው። የራስዎ የባትሪ መስመር ወደ ባሕር እያፈሰሰ ቢሆን ዚንኩ በቀናት ያልቅ ነበር። ስድስት ሳምንት የፈጀ መሟሟት ከኧርዝ መስመር ነው የሚመጣው ብዬ እወራረዳለሁ።

ይህን ነገር በደንብ ላስረዳ፣ ብዙ ሰው በከንቱ ወደብ ለወደብ የሚንከራተተው ይህን ባለማወቅ ነውና። የድሮውን የባትሪ ድንጋይ ያስታውሱ፤ ውጪያዊ ቆርቆሮው ዚንክ ነው፣ ኃይል በሰጠ ቁጥር እየተበላ ይሄዳል። የእርስዎም ጀልባ እንዲሁ ነው። ጨዋማ ውሃ ውስጥ ዚንክ ወደ 1.03 ቮልት፣ ነሐስ ወደ 0.3 ቮልት ከዜሮ በታች ይቆማሉ፤ ልዩነታቸው 0.7 ቮልት ገደማ ነው። ሁለቱን በሽቦ ካገናኟቸው ዚንኩ ራሱን እየሰጠ ነሐሱን ያድናል፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው። አንድ ፕሮፔለር ብቻ ሲጠብቅ ግማሽ ኪሎ ዚንክ ብዙ ወራት ይቆያል። የወደቡን ገመድ ሲሰኩ ግን ፕሮፔለርዎ በዘንጉ፣ በሞተሩ፣ በባትሪው ኔጌቲቭና በኧርዝ ሽቦው በኩል ገመዱ ከሚሰካበት የወደቡ መብራት ሳጥን ጋር ይገናኛል፤ ሳጥኑ ደግሞ ከሰካ ጎረቤት ሁሉ ጋር። አጠገብዎ ዚንኩ ካለቀ ሁለት ዓመት የሆነው የብረት ጀልባ ካለ፣ የእርስዎ ዚንክ የእሱን ቀፎ ሲጠብቅ ነው የሚያድረው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ኪሎ ዚንክ ወደ 780 አምፔር-ሰዓት ይሰጣል። 200 ሚሊአምፔር ሲፈስ በቀን 4.8 አምፔር-ሰዓት ይሄዳል፤ በ42 ቀን 200 ገደማ፣ ማለትም ሩብ ኪሎ ዚንክ። የጻፉልኝ ቁጥር ልክ ይኸው ነው።

በግምት አይሥሩ፣ ይለኩት። የጀልባውን ብሬከሮች ሁሉ ያውርዱ፤ ከዚያ የሳጥኑን ብሬከር ያውርዱ። ገመዱን ከጀልባው በኩል ብቻ ይንቀሉ፣ በሳጥኑ በኩል እንደተሰካ ይቆይ። በሰማያዊው ባለ 16 አምፔር ሶኬት ላይ ወፍራሙ ፒን ኧርዝ ነው፤ ሌሎቹን ሁለቱን አይንኩ። መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ በጀልባው ኧርዝ ፒን፣ ሌላውን በገመዱ ኧርዝ ቀዳዳ ያስገቡ። ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ካሳየ ግምቴ ልክ ነው። ቀጥለው ቀዩን ሽቦ ወደ 10 አምፔር መሰኪያ ያዛውሩና አምፔሩን ይለኩ። ጥቂት ሚሊአምፔር ከሆነ ይተዉት፤ ከ50 በላይ ከሆነ መፍትሔ ያስፈልገዋል። ጭራሽ ዜሮ ካሳየ አይደሰቱ፤ ከእርስዎ በፊት የነበረ ሰው ሽቦውን ቆርጦት ይሆናል። ከጀልባው ኧርዝ ፒን እስከ ሞተሩ ብረት ድረስ ኦም ይለኩ፣ ከ1 በታች መሆን አለበት።

በላኩት ፎቶ ላይ ከመግቢያው ሶኬት ኋላ ነጭ የፕላስቲክ ተርሚናል በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ አያለሁ። የቤት ጣሪያ መብራት የሚገጠምበት ዕቃ ነው፤ ማን ጀልባ ላይ እንዳስገባው ፈጣሪ ይወቀው። ብሎኑ ዝጓል፣ አንዱ ሽቦ ጫፉ ቡናማ ሆኗል፤ ያ ቃጠሎ ነው። ሁሉንም አውጥተው ይጣሉ። ቆርቆሮ የተቀባ ባለ ብዙ ክር ሽቦ፣ ከ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ያላነሰ፣ በትክክለኛ መጨፍለቂያ የታሰረ ጫፍ ይጠቀሙ። ነጠላ ክር ያለው የቤት ሽቦ በንዝረት ይሰበራል።

መፍትሔው ጋልቫኒክ አይሶሌተር የሚባለው ሳጥን ነው። ውስጡ ዳዮዶች ናቸው፤ በሁለቱም አቅጣጫ እስከ 1.2 ቮልት ገደማ ያግዳሉ። የዚንክና የነሐስ 0.7 ቮልት አያልፍም፤ እውነተኛ የመብራት አደጋ ሲመጣ ግን ያልፍና ብሬከሩን ያወርዳል። ኧርዙ ሳይቆረጥ ዚንኩ ይተርፋል። በመግቢያው ሶኬትና በጀልባው ኧርዝ ማከፋፈያ መካከል፣ በኧርዝ ሽቦው ላይ ብቻ ይገጠማል። በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጡት የጣት ጥፍር በምታህል ዳዮድ፣ ሙቀት ማስወጫ በሌለው ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ መጀመሪያው የመብራት አደጋ ላይ ይቃጠላሉ። ያኔ ኧርዝ የለዎትም፣ እርስዎም አያውቁም። የአሉሚኒየም ክንፍ ያለው፣ ቢያንስ 30 አምፔር የሚሸከም ይግዙ። በዓመት አንድ ጊዜ ገመዱ ተነቅሎ በዳዮድ መለኪያ ይፈትሹት፦ በሁለቱም አቅጣጫ 0.9 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ቁጥሩ ቀስ እያለ ከወጣ ውስጡ ኮንደንሰር ስላለው ነው፣ ይጠብቁ። ዜሮ ካሳየ ዚንክዎን አያድንም። ክፍት መስመር ካሳየ ኧርዝ ጠፍቷል፣ ያንኑ ቀን ይለውጡት። በመስኮት በኩል ሌላ ኤክስቴንሽን አስገብተው ባትሪ ቻርጅ ካደረጉ ግን አይሶሌተሩን ዘለሉት፣ ገንዘብዎ ከሰረ።

ዚንኩን ቀለም አይቀቡት፣ ዘንጉን በሽቦ ብሩሽ ሳያበሩ አይግጠሙት፣ ግማሹ ሲያልቅ ይለውጡት። ጠላቂው ውሃ ከመግባቱ በፊት የወደቡን ገመድ በሳጥኑ በኩል ይንቀሉ፤ የጎረቤቶችዎንም ያስነቅሉ። የባሕር ውሃ ስለሚያስገቡትና ስለሚያስወጡት ቫልቮች አልጠየቁኝም፣ ግን ከቀፎው በታች ርካሽ ቢጫ ናስ ከተገጠመ ዚንኩ የተበላባቸው ሳምንታት እሱንም ጎድተውት ይሆናል። በቢላ ጫፍ ይፋቁት፤ ሮዝ ከሆነ ጀልባዋ በምትወጣበት ቀን በነሐስ ይለወጥ።

አሁን ወደ ወደቡ። ንፋስ ሳይኖር የሚንጥዎት ኢጣሊያኖች ሪሳካ የሚሉት ነው። ከሩቅ የመጣ ረጅም ማዕበል በወደቡ አፍ ገብቶ ቀጥ ያለ የኮንክሪት ግንብ ይመታና ተመልሶ ይሄዳል፤ ጀልባዋ ወደፊትና ወደኋላ ትጎተታለች። በወፍራም ገመድ አይፈታም፣ ይብሱን ምሰሶውን ይነቅላል። የኋላ ገመዶችዎን እንደ መስቀል ያጣምሩ፣ 16 ሚሊሜትር ናይሎን ይሁኑ፣ በእያንዳንዱ ላይ የብረት ስፕሪንግ ይግባ፣ ከግንቡ አንድ ሜትር ተኩል ይራቁ። ፖሊፕሮፒሊን ገመድ እንደ ናይሎን አይለጠጥም፣ ፀሐይም ያፈርሰዋል። የግንቡን ቀለበት የሚነካው ጫፍ ሰንሰለት ይሁን።

ወደብ ሲመርጡ የበጋ ፎቶ አይዩ። አፉ ወደ የት ነው የሚያየው? በደቡብ ሲሲሊ የሚያሰጋው ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሣው ሺሮኮና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ሊቤቾ ነው። ሊካታ ማሪናው የትልቁ ወደብ ግንብ ውስጥ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ተከልሏል፣ ሱፐርማርኬቱም በእግር ነው፤ የሚከርሙ ጀልባዎችም አሉ። ማሪና ዲ ራጉዛም በዚያው ዳርቻ ላይ ነው፣ ግን አፉን አሸዋ ስለሚሞላው ከመግባትዎ በፊት ጥልቀቱን በስልክ ይጠይቁ። ማልታ ላይ ማርሳምሼት የሚባለው ወደብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተከፈተ ነው፤ ግሬጋሌ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ንፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ስለዚህ ወደ ምሲዳ ጥግ ያልገባ ቦታ ቢረክስም ይተዉት። ካርታኼና በተራሮች የተከበበ የተፈጥሮ ወደብ ነው፣ ዝናቡ በዓመት ወደ 300 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ከተማው፣ ሐኪሙና ባቡሩ በእግር ይደርሳሉ። ከሦስቱ ዓመቱን ሙሉ ለሚኖር ሰው ካርታኼናን እመርጣለሁ።

አሁን ግን አይነሡ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ያለውን ያውቁታል፤ «መልካም ወደብ» የተባለው ለመክረም አይመችም ብለው የጳውሎስን ምክር ትተው ተነሡ፣ መርከቡ ማልታ ላይ ተሰበረ። እስከ ግንቦት ያሉበት ይቆዩ፤ ስፕሪንጎቹን ይግጠሙ፣ አይሶሌተሩን ይግጠሙ። በመኪናም ሆነ በአውሮፕላን ሄደው የሚፈልጉትን ወደብ በጥር ወይም በየካቲት፣ ከባድ ንፋስ ካለፈ ሁለት ቀን ውስጥ ይዩት። ነዋሪዎቹ ገመዳቸው ላይ ስፕሪንግና ሰንሰለት ካበዙ ምክንያት አላቸው። ዓሣ አስጋሪዎቹ የት እንደሚያስሩ ይመልከቱ፤ የረጋው ጥግ እሱ ነው።

ላቡ የወደቡ ጥፋት አይደለም። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲነድ አንድ ሊትር ተኩል የሚሆን ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። ሲያበስሉ መስኮት ይክፈቱ፣ እርጥበት መሳቢያ ማሽን ገዝተው 60 በመቶ ላይ ያስቀምጡት፣ ከፍራሹ ሥር አየር የሚያስገባ ርብራብ ያድርጉ። የቡናው ከሰል ደግሞ ጀልባ ውስጥ አይገባም፤ ውጪ ኮክፒት ላይ ይቀጣጠል፣ እዚያው ይጥፋ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ውል ከመፈረምዎ በፊት ጀልባ ላይ መኖር በጽሑፍ መፈቀዱን ይጠይቁ፤ ብዙ ቦታ የክረምቱ ዋጋ ሚያዝያ ላይ ያበቃና የበጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋም ቢሆኑ ከሦስት ወር በላይ ለመኖር በአካባቢው መመዝገብ አለ። ሳጥኑ ስንት አምፔር እንደሆነም ይዩ። 16 ከሆነ 3,680 ዋት ነው፤ ሁለት ሺህ ዋት ማሞቂያና ሁለት ሺህ ዋት የሻይ ማፍያ አብረው አይሠሩም። 6 አምፔር የሚሰጥ ወደብ ለመክረም አይሆንም። ምሽት ሁሉም ማሞቂያ ሲያበራ ቮልቱን ይለኩ፤ ከ207 በታች ከወረደ መስመሩ ደካማ ነው፣ ሶኬቱም ይቀልጣል። በዚያው አጋጣሚ ከሳጥኑ ኧርዝ መውጣቱን ያረጋግጡ። የወደቡ ሠራተኛ «እዚህ ኧርዝ አያስፈልግም» ቢልዎ ሌላ ወደብ ይፈልጉ።