«የዕድሜ ነገር ነው» ከመባሉ በፊት

ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች ከተለያዩ ሰዎች ይምጡ እንጂ በሁሉም ውስጥ አንድ አባባል አለ፦ «የዕድሜ ነገር ነው ተባልን»። አባባሉ ማጽናኛ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ምርመራን ማስቆም ነው። ሰውን በዕድሜው ብቻ እየመዘኑ ዝቅ ማድረግን ሮበርት በትለር የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ስም አውጥተውለታል፤ እኛ የዕድሜ መድልዎ እንለዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከሁለት ሰዎች አንዱ ለአረጋውያን እንዲህ ያለ አመለካከት አለው። ስለዚህ የዛሬዎቹን ጥያቄዎች ስንመልስ በየጊዜው ራሳችንን የጠየቅነው ይህንን ነው፦ ሰውየው የአርባ ዓመት ጎልማሳ ቢሆን ኖሮ ምን ብለን እንጠረጥር ነበር?

ጥያቄ፦ እናቴ 81 ዓመቷ ነው። አረጋውያን ማዕከል ከገባች ሰባት ወር ሆኗታል። እስካለፈው ሳምንት ስልክ ራሷ ታነሳ፣ ሁሉንም በስሙ ትጠራ ነበር። ካለፉት አራት ቀናት ወዲህ ግን ቀን ታንቀላፋለች፣ ሌሊት ትጮኻለች፣ ግድግዳ ላይ የሌለ ነገር ታሳየኛለች። «እየጃጁ ነው፣ ይልመዱት» አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የመርሳት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚገባ ነው። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጣ፣ ሻል ብሎ ተመልሶ የሚብስ፣ ሐሳብን መሰብሰብ የሚያሳጣ መምታታት ዴሊሪየም ይባላል። ዴሊሪየም ከበስተኋላው ሌላ ሕመም እንዳለ የሚናገር የአደጋ ምልክት ስለሆነ እናትዎን ዛሬውኑ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ቀድሞ የመርሳት በሽታ ባለበት ሰው ላይም ይደረባል፤ እንዲያውም እንደነዚህ ያሉት የበለጠ ይጋለጣሉ። ስለዚህ «ድሮም ይረሱ ነበር» መልስ አይሆንም።

ሐኪሙ እስኪያያቸው ድረስ የሚያጣሩት ነገር አለ። መጀመሪያ የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ እንዲቆጥሩልዎ ይጠይቋቸው። ከሳምንት በፊት ይችሉት የነበረውን ዛሬ መሐል ላይ ከተቋረጠባቸው ይህን ይጻፉት። መጨረሻ የሸኑት መቼ ነው? ሆዳቸው ከወጣ ስንት ቀን ሆነ? የሞላ ፊኛም ሆነ የከረመ የሆድ ድርቀት ብቻውን አረጋዊን ሊያምታታ ይችላል። በቀን የሚጠጡትን በብርጭቆ ይቁጠሩ። ለአረጋዊት ሴት ቢያንስ 1.6 ሊትር፣ ለወንድ 2 ሊትር ፈሳሽ ያስፈልጋል፤ ለልብ ወይም ለኩላሊት ሕመም ሲባል ሐኪም የወሰነው ካለ ግን የሚሠራው የሐኪሙ ልክ ነው። ትንፋሻቸውን አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ከ20 ከበለጠ ይናገሩ። በዚህ ዕድሜ የሳንባ ምች ትኩሳት ሳያሳይ ሊመጣ ይችላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ስኳራቸው ወዲያው ይለካ።

ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው መድኃኒት ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት የተጀመረ፣ መጠኑ የተጨመረ ወይም የተቋረጠ ነገር አለ? ለእንቅልፍ ወይም ለአለርጂ ተብሎ የሚሰጠው ዳይፈንሃይድራሚን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ዲያዜፓምና ትራማዶል በአረጋውያን ላይ መምታታት በማምጣት የታወቁ ናቸው። ማሸጊያዎቹን በሙሉ በአንድ ከረጢት ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ። በራስዎ ውሳኔ ግን አያቋርጡ፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ዲያዜፓም በድንገት ሲቆም ራሱ ዴሊሪየም ያመጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ብዙ ጊዜ ሽንት ይመረመራል፣ ባክቴሪያ ይገኛል፣ ፍለጋው እዚያው ያበቃል። ምንም ሕመም በሌላቸው አረጋውያን ሽንት ውስጥም ባክቴሪያ በብዛት ይገኛል። የሚያቃጥል ሽንት ወይም ትኩሳት ከሌለ ሌላው ምክንያት ተጣርቶ መታለፍ አለበት።

እስከዚያው መነጽራቸውን ያድርጉላቸው፣ የመስሚያ መሣሪያቸውን ባትሪ ይዩ፣ ቀን መጋረጃውን ይክፈቱ፣ ሌሊት ክፍሉ ጸጥ ይበል፣ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ። የሚያዩትን ነገር «የለም» ብለው አይከራከሯቸው፤ «አብሬዎት ነኝ» ይበቃል። አይታሰሩ፤ ዝም ለማሰኘት ተብሎ ማስተኛም አይሰጣቸው። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው «ከአራት ቀን በፊት እናቴ ስልክ ራሷ የምታነሳ ሰው ነበረች» ይበሉ። ሐኪሙ የሚያየው ያሁኑን ብቻ ነው፤ የቀድሞዋን እናትዎን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

የማይጮኽ ዴሊሪየምም አለ። ሰውየው ዝም ይላል፣ ይተኛል፣ ምግብ ይተዋል። «ዛሬስ አላስቸገሩም» ተብሎ ስለሚታለፍ ከሚጮኸው ይልቅ የሚያስፈራን ይህኛው ነው።

ጥያቄ፦ በመጦሪያ ውስጥ ተንከባካቢ ነኝ። ጠዋት ጠዋት አሥራ አንድ ሰው አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። አንዲት የመርሳት በሽታ ያለባት እናት ሳጥባት ትመታኛለች፣ ትናከሳለች። «የኔ ማር፣ ጎበዝ ልጅ፣ አሁን እንታጠብ» እያልኩ ባባብላትም ይብስባታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አሥራ አንድ ሰው ለአንድ ተንከባካቢ ብዙ ነው፤ ይህንን ሳንረዳ ምክር አንሰጥዎትም። ቢሆንም በደብዳቤዎ «ትመታኛለች» ያሉበትን ቦታ እንደገና ያንብቡት። ምናልባትም በእናትነት ዕድሜ ያሉትን ሴት አንቱ ማለት የቀረው የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ወዲህ ይሆናል። ቃል ቢጠፋባቸውም የድምፅ ቃና አይጠፋቸውም። ለሕፃን በሚነገርበት ቃና ሲናገሯቸው፣ እንደ ትልቅ ሰው ከሚናገሯቸው ጊዜ ይልቅ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች እንክብካቤን አብዝተው እንደሚቃወሙ ተጠንቶ ታውቋል። ቤተሰባቸውን ጠይቀው ይጠሩበት በነበረው ስም፣ በአንቱታ ይጥሯቸው። «እንታጠብ» አይበሉ፤ የሚታጠቡት እሳቸው ብቻ ናቸው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ተናግረው በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ። ብዙ ጊዜ መልሱ የሚመጣው እኛ ተስፋ ቆርጠን መጎተት ከጀመርን በኋላ ነው።

ቀጥሎ ሕመም እንዳለ ይዩ። «ያምዎታል?» ሲባሉ መመለስ ለማይችሉ ሰዎች ፔይናድ የሚባል መለኪያ አለ። አተነፋፈስ፣ የሚያወጡት ድምፅ፣ የፊት ገጽታ፣ የሰውነት ሁኔታና ሲያጽናኗቸው መረጋጋታቸው እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ይሰጣቸዋል፤ ድምሩ ከ10 ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሕመሙ የበዛ ነው። ዐርፈው ሳሉ አንድ ጊዜ፣ ክንዳቸው ሲነሳ አንድ ጊዜ ይለኩ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ የተናከሱት ትከሻቸው ስላመማቸው ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ፓራሲታሞል ካዘዘ ከመታጠቡ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ ይሰጣቸው።

አስተጣጠቡንም ይቀይሩ። ክፍሉን አስቀድመው ያሙቁ። መላ ሰውነታቸውን በትልቅ ፎጣ ሸፍነው የሚታጠበውን ክፍል ብቻ ይግለጡ፤ አጥበው አድርቀው መልሰው ይሸፍኑ። ከእግር ይጀምሩ፤ ፊትና ራስ መጨረሻ ይሁኑ፣ ካልሆነም ሌላ ቀን። ውኃ በድንገት ራስ ላይ ሲፈስ የመርሳት በሽታ ላለበት ሰው ጥቃት ነው። አንድ እርጥብ ጨርቅ በእጃቸው ያስይዟቸው፤ ደረታቸውን ራሳቸው ይሹ። ካልፈለጉ ያቁሙና ከ20 ደቂቃ በኋላ ይመለሱ። ፊት፣ እጅ፣ ብብትና ብልት በየቀኑ ይጸዱ እንጂ መላ ሰውነትን በየቀኑ መታጠብ ግዴታ አይደለም፤ የአረጋዊ ቆዳ በሳሙና ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

ስለ ማልበስ ጥቂት እንበል። የደከመው ክንድ ሲለብሱ ይቀድማል፣ ሲያወልቁ ይከተላል። እጅጌውን እርስዎ ያግቡ፣ ቁልፉን እሳቸው ይቆልፉ። ዛሬ ለፍጥነት ብለን የቀማናቸውን ሥራ ከጥቂት ወራት በኋላ ጣቶቻቸው ይረሱታል፤ ያን ጊዜ ሸክሙ በእርስዎ ላይ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ አባቴ አንድ ቀን ከወደቁ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ዊልቸር ላይ በቀበቶ ታስረው ይውላሉ፤ ማታ የአልጋው የጎን ብረት ይነሳል። ስቃወም «ቢወድቁ ኃላፊነቱን ትወስዳለህ?» አሉኝ።

መልስ፦ ጥያቄውን ይመልሱላቸው፦ ታስረው ለሚደርሰውስ ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን ነው? ማሰር መውደቅን እንደሚቀንስ የታየ ነገር የለም። ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ ሲውሉ ከእግራቸው ጡንቻ 1 ኪሎ ያህል ያጣሉ፤ ታስሮ የዋለ ሰው የተፈታ ዕለት የሚወድቀው ለዚህ ነው። የጎን ብረቱንም ሊዘሉት ሲሞክሩ ከፍ ካለ ቦታ ይወድቃሉ፣ ወይም በብረቱና በፍራሹ መካከል ይያዛሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችው ሕግ የመጦሪያ ነዋሪ ለሠራተኛ ምቾት ወይም ለቅጣት እንዳይታሰር ከልክላለች።

ማዕከሉን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ማን አዘዘ፣ ለምን፣ እስከ መቼ፣ አስቀድሞ ምን ተሞከረ? ከዚያ አማራጩን ይዘው ይቅረቡ። አወዳደቃቸው ይጣራ፤ በስንት ሰዓት፣ የት፣ ወዴት ሲሄዱ? ብዙ ጊዜ መልሱ «ወደ ሽንት ቤት» ነው። ቀን በየሁለት ሰዓቱ ቢጠየቁና ቢወሰዱ ብቻቸውን የሚነሱበት ምክንያት ይቀንሳል። የደም ግፊታቸው አምስት ደቂቃ ተኝተው፣ ከዚያ ከቆሙ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለካ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ መድኃኒታቸው መታየት አለበት። እስከዚያም ከመነሳታቸው በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው እግራቸውን ያንቀሳቅሱ።

ዊልቸር ሰውን ከቦታ ቦታ ለማድረስ የተሠራ ነው፤ ለመዋያ የሚሆነው ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ ከፍታው ከጉልበታቸው ጋር የተካከለ ጠንካራ ወንበር ነው። አነሳሳቸውም እንዲህ ይሁን፦ ወደ ወንበሩ ጫፍ ቀረብ፣ እግርን ከጉልበት ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ፣ አፍንጫ ከእግር ጣቶች በላይ እስኪሆን ጎንበስ፣ ከዚያ ማሳረፊያውን ገፍቶ መነሳት። አጠገባቸው ሰው ቆሞ አምስት ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር። ከዘራ ካላቸው ቁመቱ ቆመው እጃቸውን ሲያወርዱ አንጓቸው ላይ ይድረስ፤ የሚያዘው ከደካማው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። ማታ አልጋው ዝቅ ይበል፣ እስከ ሽንት ቤት መብራት ይኑር።

ታስረው የከረሙ ከሆነ መቀመጫቸውንና ተረከዛቸውን ዛሬ ይዩ። በጥቁር ቆዳ ላይ የአልጋ ቁስል ሲጀምር መቅላቱ አይታይም፤ በእጅዎ ጀርባ ዳስሰው ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም ቀለሙ የተለየ ቦታ ይፈልጉ። ካገኙ አይሹት፣ ቀለበት ቅርጽ ያለው ትራስም አያድርጉ፤ ሁለቱም የደም ዝውውሩን ያባብሱታል። መፍትሔው ጫናውን ከቦታው ማንሳት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሊወድቁ ይችላሉ። ይህንን ከአባትዎ ጋር፣ እሳቸው በሚሰሙበት ይነጋገሩ፤ እግሩ የእሳቸው ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪም ቤት ስንሄድ ሐኪሙ የሚያወራው ከእኔ ጋር ነው። አባቴ «ተዪው፣ አርጅቻለሁ፣ አልሰማም» ይላሉ።

መልስ፦ ወንበርዎን ከአባትዎ ወንበር ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ያድርጉት፤ የሐኪሙ ዓይን እሳቸው ላይ ያርፋል። ሲጠየቁ «አባቴ ይንገሩዎት» ብለው ዝም ይበሉ። ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖ እንደሆነ ይታይ፤ በጥጥ እንጨት ግን አይነካካ፣ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በዕድሜ ቀድመው የሚደክሙት ቀጫጭን ድምፆች ናቸውና መጮኽ አይረዳም፤ ፊትዎ ብርሃን ላይ ሆኖ ዝግ ባለ ወፍራም ድምፅ ይናገሩ። «አርጅቻለሁ» የሚለውንም በቀላሉ አይለፉት። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት ስለ ራሳቸው እርጅና በጎ አመለካከት የነበራቸው ሰዎች ከሌሎቹ በአማካይ 7.5 ዓመት ያህል አብልጠው እንደኖሩ አሳይቷል።

ጥያቄ፦ አነስተኛ መጦሪያ አስተዳድራለሁ። ነዋሪዎቹ ንጹሕ ናቸው፣ ይበላሉ፣ ግን ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ተጨማሪ በጀት የለኝም።

መልስ፦ የጎደለው ምርጫ ይመስለናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት በአንድ መጦሪያ ውስጥ ለአንዱ ቡድን የራሱን ውሳኔ እንዲወስን ተነገረው፣ የሚንከባከበው ተክልም ተሰጠው፤ ለሌላው ቡድን ተክሉን ሠራተኞች ያጠጡለት ነበር። የወሰነው ቡድን ይበልጥ ንቁና ደስተኛ ሆኖ ተገኘ።

እርስዎም ሥራ ይስጡ፤ የሚያስፈልግ ሥራ እንጂ ማስመሰያ አይሁን። ፎጣ ማጠፍ፣ ተክል ማጠጣት፣ ዐይኑ ለደከመ ጓደኛ ማንበብ። በር ሳይንኳኳ አይከፈት። ለእያንዳንዱ ነዋሪ ሥራው ምን እንደነበረ፣ በምን ስም መጠራት እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስከፋው የያዘ አንድ ገጽ ተጽፎ አዲስ ተንከባካቢ ሁሉ ያንብበው። ምርጫ ተሰጥቶትም ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ደስ የማይለው፣ እንቅልፍና ምግብ የተወ ሰው ካለ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ድብርት የእርጅና ጠባይ አይደለም፣ ይታከማል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። የመነሻ ሰዓትን ያስቀድሙ። ለአንድ ሳምንት ማንም ሳይቀሰቅሳቸው እያንዳንዳቸው በስንት ሰዓት እንደሚነቁ ያስጻፉ፤ በሰዓቱ መድኃኒት ያለበት ሰው ካለ እሱ ብቻ ይለይ። በሁለተኛው ሳምንት የጠዋቱን ሥራ በዚያ መዝገብ ተራ ይደልድሉት።