ለብቻ፣ በጸደይ፣ አውሮፓ የት ይሻላል? ጥያቄና መልስ

ጸደይ የምለው የአውሮፓውን ነው፤ ከማርች እስከ ሜይ ያለውን፣ በእኛ አገር በልግ የሚሆነውን። ወሩንም ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ቲኬታችሁ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አሥር ቀን ፈቃድ አለኝ። ሮም፣ ፓሪስ፣ አምስተርዳምና ባርሴሎናን አስቤያለሁ። ይበዛብኝ ይሆን?

መልስ፦ ይበዛብሻል እህቴ። ከተማ በቀየርሽ ቁጥር ግማሽ ቀን ይበላል፤ ክፍል መልቀቅ፣ ጣቢያ መድረስ፣ መጓዝ፣ ደግሞ አብዛኛው ሆቴል ከ15፡00 በፊት ቁልፍ አይሰጥም። አራት ከተማ ማለት ሦስት ዝውውር ነው፤ ቀን ተኩል እዚያ ላይ አለቀ። ለብቻ ስትሆኚ ደግሞ መጸዳጃ ቤት እስክትገቢ ድረስ እንኳ ሻንጣሽን የሚጠብቅልሽ የለም።

ለአሥር ቀን ሁለት ከተማ ይበቃል፤ እርስ በርሳቸው በባቡር ከሦስት ሰዓት ያልራቁ ይሁኑ። ሊዝበንና ፖርቶ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ማድሪድና ሴቪያ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቪየናና ቡዳፔስት 2 ሰዓት ከ40፣ ሮምና ፍሎረንስ አንድ ሰዓት ተኩል ናቸው። የአውሮፕላን ትኬትሽን በአንዱ ገብተሽ በሌላው የምትወጪበት አድርገሽ ቁረጪ። ሌላ ማየት ካማረሽ ሻንጣሽን ሆቴል ትተሽ ደርሶ መልስ ሂጂ፤ ከሊዝበን ሲንትራ 40 ደቂቃ፣ ከቪየና ብራቲስላቫ አንድ ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ከተማውን ነው ወይስ ወሩን አስቀድሜ የምመርጠው?

መልስ፦ ወሩን። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ ጸደይ ከደቡብ ተነስቶ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ በአንድ ቀን ሁሉም ጋ አይገባም። በማርች ሴቪያ የብርቱካን አበባ ይሸታል፣ ስቶክሆልም ግን ሌሊቱ ገና ከዜሮ በታች ይወርዳል። በሜይ መጨረሻ ደግሞ ሴቪያ 30 ዲግሪ ሲያልፍ ስቶክሆልም ገና ማማሩ ነው።

ስለዚህ ማርች ከሆነ አንዳሉሲያ (ሴቪያ ያለችበት ደቡብ ስፔን)፣ ሲሲሊ፣ አቴንስ። ኤፕሪል ከሆነ ሮም፣ ሊዝበን፣ ቪየና፣ ኔዘርላንድ። ሜይ ከሆነ ፕራግ፣ ኮፐንሃገን፣ ስቶክሆልም፤ ገንዘብ ከተረፈህ ደግሞ የኖርዌይ ሃርዳንገር፣ የፖም ዛፉ የሚያብበው በወሩ አጋማሽ ገደማ ነው። ሊዝበን በማርች ሳይታሰብ ዝናብ ያወርዳል፤ አትሂድ አልልህም፣ ጃኬት ያዝ።

የግሪክ ደሴቶችን በኤፕሪል አትምረጥ። ባሕሩ 16 እና 17 ዲግሪ ነው፣ አይዋኙበትም። መርከቡ ጥቂት ነው፣ ሆቴሉም ብዙው የሚከፍተው በፋሲካ አካባቢ ነው። ቀርጤስ ላይ ታዋቂው የሳማሪያ ሸለቆ እንኳ ለእግረኛ የሚከፈተው ሜይ መጀመሪያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያለኝ። ለኤፕሪል ቪዛ መቼ ልጀምር?

መልስ፦ በዲሴምበር ጀምር፤ ጃንዋሪ የመጨረሻህ ይሁን። የሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ይከፈታል። መደበኛው መልስ የሚሰጥበት ጊዜ 15 ቀን ነው፤ ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 ባወጣው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን 45 ቀን ሆኗል። በዚያው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቆሟል። በዚህ ላይ የቀጠሮ ወረፋውን ደምርበት። ስታመለክት ሕጉ የት እንደደረሰ ቆንስላው ገጽ ላይ አረጋግጥ፤ ዕቅድህን ግን በ45 ቀን ሥራ።

ክፍያው 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለክሉህም አይመለስም። ፓስፖርትህ ከሸንገን ከምትወጣበት ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ከተሰጠ አሥር ዓመት ያልሞላው፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የሕክምና መድኑ ከ30,000 ዩሮ ያላነሰ፣ ሁሉንም የሸንገን አገሮችና የምትቆይበትን ቀን ሁሉ የሚሸፍን መሆን አለበት። አሻራ ከሰጠህ 59 ወር ካልሞላህ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

የምታመለክተው ብዙ ሌሊት ለምታድርበት አገር ነው። ሌሊቱ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገባበት። ቀጠሮው ስለሚገኝ ብቻ ለአንዱ አመልክቶ ዕቅዱ ሌላ አገር የሚያሳይ ሰው በራሱ ወረቀት ይወድቃል።

ለብቻ የሚጓዝ ወጣት ላይ ዋናው ጥርጣሬ “ይመለሳል ወይ?” የሚለው ነው። ሥራ ካለህ የፈቃድ ደብዳቤው የምትመለስበትን ቀን ይጥቀስ። ነጋዴ ከሆንክ ንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ አያይዝ። ባንክ መግለጫው ላይ የወራት እንቅስቃሴ ይታይ፤ ከቀጠሮው ሳምንት በፊት ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። አምስት አገር በአሥር ቀን ብለህ አትጻፍ፤ የማይታመን ይመስላል፣ እውነትም አይታመንም። ሆቴሉ መሰረዝ የሚቻል፣ አውሮፕላኑም ቦታ የተያዘ ብቻ ይሁን፤ ቪዛ ሳይወጣ ትኬት አትግዛ።

ጥያቄ፦ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዤ ከቪየና ቤልግሬድ ደርሼ ልመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ አትመለሺም። ሰርቢያ ሸንገን አይደለችም፤ ድንበሩን ስታልፊ ቪዛሽ አለቀ። አልባኒያ፣ ቦስኒያ፣ ቆጵሮስ፣ አየርላንድና እንግሊዝም እንደዚያው። ክሮኤሺያ ከ2023 ጀምሮ፣ ቡልጋሪያና ሮማኒያ ደግሞ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ውስጥ ናቸው። ቡዳፔስት ሂጂ፤ ሃንጋሪ ሸንገን ውስጥ ስለሆነች ምንም አይልሽም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው፣ አገር ቤት ሄጄ ማመልከት አለብኝ?

መልስ፦ የለብሽም፤ በሕጋዊነት በምትኖሪበት አገር ነው። የመኖሪያ ፈቃድሽ ከመመለሻሽ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚቀረው ይሁን፣ የአሠሪ ደብዳቤም ያዢ። ፓስፖርትሽ የኢትዮጵያ ስለሆነ ለአዲስ አበባው ጠያቂ የተባለው የ45 ቀን ጉዳይ አንቺንም ይመለከታል ብለሽ ተነሺ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ግሪን ካርድ አለኝ፣ ፓስፖርቴ ግን የኢትዮጵያ ነው።

መልስ፦ ለሸንገን ጉብኝት ግሪን ካርድ ቪዛ አይተካም። ፍራንክፈርት ላይ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጡ አውሮፕላን ለመቀየር ግን ይረዳል፤ ኢትዮጵያውያን ከሚጠየቁት የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ነጻ ያደርግሃል። በእስራኤል ፓስፖርት የሚጓዝ ካለ ደግሞ ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል፤ ድንበር ላይ አሻራና ፎቶ ይወስዱበታል።

ጥያቄ፦ ሁዳዴ ላይ ነው ፈቃድ የማገኘው። ሳልፈስክ የት ልሂድ?

መልስ፦ ግሪክ፣ ያለ ጥያቄ። የግሪክ ኦርቶዶክስ ፋሲካና የእኛ ፋሲካ በአንድ ቀን ነው የሚውሉት። በ2027 ሁለቱም ሜይ 2 (ሚያዝያ 24) ላይ ናቸው፤ የምዕራቡ ማርች 28 ላይ ነው። በዚያ ዓመት ከማርች አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ አቴንስ ብትሄጂ አገሬው ራሱ ጾም ላይ ነው።

የምትይዣት ቃል “ኒስቲሲሞ” ናት፣ የጾም ማለት ነው፤ ዳቦ ቤቱም ምግብ ቤቱም ይጽፋታል። “ፋቫ” ስሙ ባቄላ ቢመስልም ብዙ ጊዜ ከቢጫ ክክ የሚሠራ ነው፣ ለሽሮ ለለመደ አፍ እንግዳ አይሆንም። “ጊጋንቴስ” በቲማቲም የተጋገረ ትልልቅ ነጭ ባቄላ፣ “ፋኬስ” የምስር ሾርባ፣ “ኾርታ” የተቀቀለ ቅጠል ከሎሚና ከዘይት ጋር ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ፦ እነሱ ስኩዊድ፣ ኦክቶፐስና ሽሪምፕ በጾም ይበላሉ። ስለዚህ ኒስቲሲሞ የተባለ ሩዝ ውስጥ የባሕር እንስሳ ልታገኚ ትችያለሽ፤ ከማዘዝሽ በፊት ጠይቂ።

ሌላ አገር ከሆነ “ቬጀቴሪያን” አትበይ፣ አይብና ዕንቁላል ይዞ ይመጣል። “ቪጋን” በይ። ፖርቱጋል ላይ ካልዶ ቨርዴ የሚባለው የጎመን ሾርባ ላይ የአሳማ ቋሊማ ይጣልበታል፤ ስፔንም የጥራጥሬ ወጥ ውስጥ አሳማ የተለመደ ነው። ሮም ግን በተርሚኒ ጣቢያ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት ስላለ በያይነቱ ሲያምርሽ አትቸገሪም።

ፋሲካን እዚያው መዋል ከፈለግሽ ቀድመሽ ያዢ፤ መርከቡም ሆቴሉም ይሞላል። የአቴንሱ ጥንታዊ ኮረብታ አክሮፖሊስ ሜይ 1 እና የፋሲካ እሁድ ዝግ ነው፤ በ2027 ሁለቱ ቀናት ተከታትለው ይመጣሉ። ማርች 25 ብሔራዊ በዓላቸው ነው፣ ያን ቀንም ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ቱሊፕ አበባ ማየት ነው የምፈልገው፣ አምስተርዳም ግን ውድ ነው አሉኝ።

መልስ፦ አልተሳሳቱም። የከተማው የማደሪያ ግብር ብቻ ከክፍሉ ዋጋ 12.5 በመቶ ነው፤ በዚያ ላይ ከ2026 ጀምሮ በመላ ኔዘርላንድ የሆቴል ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ9 ወደ 21 በመቶ ወጥቷል። አበባው ያለው ደግሞ አምስተርዳም ውስጥ አይደለም፤ ኩከንሆፍ የሚባለው የአበባ ፓርክ ሊሰ የምትባል ከተማ ጋ ነው። ላይደን ወይም ሃርለም እደሪ። ከላይደን ጣቢያ ወደ ኩከንሆፍ ቀጥታ አውቶቡስ አለ፤ ከሃርለም አምስተርዳም በባቡር 20 ደቂቃ አይሞላም።

ፓርኩ የሚከፈተው ከማርች ሦስተኛው ሳምንት እስከ ሜይ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። የሜዳው ቱሊፕ የሚደምቀው አብዛኛውን ጊዜ በኤፕሪል አጋማሽ ነው፤ በማርች የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ቤት ውስጥ የበቀለውን ነው። ኤፕሪል 27 “የንጉሡ ቀን” የሚባለው የአገሩ በዓል ነው፤ ባቡሩ ሰው በሰው ይሆናል። ብርቱካንማ ልብስ ለብሶ መጨፈር ካልፈለግሽ ከ26 እስከ 28 ሌላ ከተማ ሁኚ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጉልበቴን ያመኛል። ብቻዬን የት ይመቸኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ቪየና። መሐል ከተማው ሜዳ ነው፣ ትራሙ በየቦታው አለ፣ የሾንብሩን ቤተ መንግሥት የአትክልት ስፍራ በነጻ ይገባሉ፣ አግዳሚ ወንበርም አይጠፋም። ቡና ቤቶቹ አንድ ስኒ አዝዘው ጋዜጣ ሲያነቡ ቢውሉ አያስነሱዎትም፤ ብቻውን የተቀመጠ ሰው እዚያ እንግዳ አይደለም። ሴቪያም ሜዳ ናት። ሊዝበንና ፖርቶን ይተዉ፤ ዳገት ብቻ ሳይሆን የእግረኛ መንገዱ ድንጋይ ሲዘንብ ያንሸራትታል። አምስተርዳም ላይ ሆቴል ሲይዙ ሊፍት እንዳለው ይጠይቁ፤ የድሮዎቹ ቤቶች ደረጃ እንደ መሰላል የቆመ ነው።

ጥያቄ፦ ቲኬት ቀድሜ ካልገዛሁ የማይገባበት የትኛው ነው?

መልስ፦ ስፔን፣ ግራናዳ ያለው ጥንታዊው ምሽግና ቤተ መንግሥት አልሃምብራ አንደኛ። ቲኬቱ በስም ነው፣ ፓስፖርት ያሳያሉ፣ የናስሪድ ቤተ መንግሥቶች የሚገቡበት ሰዓትም ተቆርጦ ይጻፋል፤ ያ ሰዓት ካለፈ አያስገቡም። በጸደይ ሳምንታት ቀድሞ ያልቃል። የሮም ኮሎሲየምም በስም ነው፣ የሚለቀቀው ከ30 ቀን በፊት ነው። አክሮፖሊስም ሰዓት ይዘው ነው የሚገቡት። ማድሪድ ያለው የፕራዶ ሙዚየም ደግሞ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከ18፡00 እስከ 20፡00 በነጻ ነው፤ ሰልፉን ታግሰህ።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ ለብቻ ማደር ያስፈራል። ክፍል ስመርጥ ምን ልይ?

መልስ፦ ዋጋውን ሳይሆን መጀመሪያ የምትደርሺበትን ሰዓት እዪ። አውሮፕላንሽ ማታ የሚያርፍ ከሆነ የመጀመሪያውን ሌሊት 24 ሰዓት ሰው ያለበት ሆቴል ያዢ። ቁልፍ በኮድ ብቻ የሚሰጥ አፓርታማ ኮዱ ሲበላሽ ማንም የለም። የርካሽ አየር መንገዶች ማረፊያም ይታይ፤ “ፓሪስ ቦቬ” የሚባለው ከፓሪስ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሆስቴል ከሆነ የሴቶች ብቻ ክፍል አለ፣ ተንጠልጣይ ቁልፍ ይዘሽ ሂጂ፤ ሎከሩ (የዕቃ ሳጥኑ) አለ፣ ቁልፉ ግን ብዙ ጊዜ የራስሽ ነው። በመላው ኅብረት የአደጋ ጥሪ 112 ነው።

ከድብደባ ይልቅ የሚያጋጥመው ኪስ ማውለቅ ነው። የሊዝበን 28 ቁጥር ትራም፣ የባርሴሎና ራምብላስ፣ የሮም ሜትሮ ተርሚኒ ላይ። ሌባው የሚሠራው በሩ ሊዘጋ ሲል ነው፤ ስልክሽን በር አጠገብ ቆመሽ አታውጪ።

ጥያቄ፦ ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ ንገረን።

መልስ፦ ኤቲኤም ወይም የካርድ ማሽን “በካርድህ ገንዘብ ልቁረጥልህ ወይስ በዩሮ?” ብሎ ሲጠይቅ ሁልጊዜ ዩሮ በል፤ ዩሮ በማይጠቀም አገር ደግሞ የአገሩን ገንዘብ። የመጀመሪያውን ከነካህ የምንዛሪውን ዋጋ የሚወስነው የማሽኑ ባለቤት ነው፣ ለአንተም አያደላም።

ጥያቄ፦ ልብስስ?

መልስ፦ ወፍራም ካፖርት አያስፈልግም። ቀጭን ሹራብ፣ በላዩ ውኃ የማያስገባ ጃኬት፤ ጠዋት 7 ዲግሪ፣ ከሰዓት 20 ሊሆን ይችላል። ጫማ የለመድከውን፣ አዲስ አይሁን። በርካሽ አየር መንገድ የምትሄድ ከሆነ ነጻዋ ቦርሳ 40 በ30 በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ ጃኬቱን ለብሰህ ግባ፣ የለበስከውን አይለኩትም።